ፓወር ባንኩን ሚዛን ላይ አውጡት

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፦

ቅዳሜና እሁድን ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ስለማሳለፍ በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄው ነው ያነበብኩት። ስለ መንገዱ፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ስንቁ በደንብ ተጽፏል። ስለ መብራት ግን ያገኘሁት አንድ መስመር ብቻ ነው። ‹‹የእጅ ባትሪ መያዝ እንዳይረሳ›› ይላል። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ያ አንድ መስመር ነው።

ቸርችል ጎዳና አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቤቴ ሰባ ደረጃ አጠገብ ነው። ከባልደረቦቼ ጋር በየሁለት ወሩ ገንዘብ እናዋጣና ሚኒባስ ተከራይተን ከከተማ እንወጣለን። መናገሻ ሱባ ጫካ አድረናል። ላንጋኖም አድረናል። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ደግሞ ወንጪ ሄድን። አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን። የዘጠኝ ዓመት ልጄም አብራኝ ነበረች።

ሥራ ስንከፋፈል መብራት ለእኔ ደረሰኝ። ሐሙስ ከሥራ ስወጣ በእግሬ ወደ ፒያሳ ወጣሁና ከኤሌክትሮኒክስ ሱቆቹ አንዱ ገባሁ። ‹‹ባትሪ አለ?›› አልኩ። ልጁ የእጅ ባትሪ ሰጠኝ። እኔ የፈለግኩት ኃይሉን የሚይዘውን ነበር። እኛ አገር እኮ ‹‹ባትሪ›› ሲባል የሚያበራው ዕቃ ነው፤ ውስጡ የሚገባው ‹‹ድንጋይ›› ነው። አሁን ደግሞ ፓወር ባንክ መጣ። እሱ ድንጋይም አይደለም፣ ባትሪም አንለውም። ስም በደንብ ያልወጣለትን ዕቃ ጠይቆ መግዛት እንዴት እንደሚያስቸግር ያኔ ገባኝ።

ልጁ በመጨረሻ ሳጥን አወጣ። ላዩ ላይ በትልቁ 50,000 ይላል። ‹‹እትዬ፣ ይሄ ባለ 50 ሺህ ነው። ሦስት ቀን ቢበራ አያልቅም›› አለኝ። 2,600 ብር ከፈልኩ። ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ባለ 5 ዋት አምፖልም ጨመርኩ። ቤት ወስጄ ቻርጅ አደረግኩት። አራቱም መብራቶቹ በሩ። በቃ፣ ሙሉ ነው ብዬ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት።

ወንጪን ያየ ያውቀዋል። ከላይ ሆነህ ሐይቁን ስታየው፣ ደሴቷ ላይ ያለችው የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ትታያለች። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ግን ብርዱ አጥንት ይገባል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጨለመ። አምፖሉን በትልቁ ድንኳን ምሰሶ ላይ ሰቀልነው። ሁለት ባልደረቦቼ ስልካቸውን እዚያው ፓወር ባንክ ላይ ሰኩ። ሽንኩርት ተከተፈ፣ ሽሮ ተጣደ። ደስ የሚል ምሽት ነበር።

3 ሰዓት ላይ መብራቱ ድርግም አለ።

መጀመሪያ ገመዱ መስሎን ነቀነቅነው። ከዚያ የፓወር ባንኩን ቁልፍ ተጫንን። ምንም የለም። ሽሮው እሳት ላይ ነው። አንዱ ስልኩን በጥርሱ ነክሶ እያበራ፣ ሌላዋ ታማስላለች። ከመካከላችን አንዱ ልጅ ሻማ አግኝቶ ድንኳን ውስጥ አበራ። ነፋስ መጣ። የድንኳኑ ግድግዳ ወደ ውስጥ ነፋ ሲል ሻማውን ነካው። እጄን የሚያህል ቀዳዳ ለመፍጠር የፈጀበት ጊዜ ‹‹ኧረ!›› ብዬ እስክጮህ ድረስ ብቻ ነው። ናይሎኑ እየቀለጠ ይንጠባጠብ ነበር። ልጄ ከዚያች ቦታ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብላ ተኝታ ነበር።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ደግሞ ‹‹እማዬ፣ ሽንቴ መጣ›› አለችኝ። ስልኬ 4 ፐርሰንት ላይ ነው። በጨለማ፣ በጤዛ በረጠበ ሣር ላይ፣ እጇን ይዤ ወጣሁ። ከሩቅ ጅብ ይጮሃል። ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ልጄም አልተኛችም፣ እኔም አልተኛሁም።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ነገሩን ለጋሼ ነገርኳቸው። ጋሼ የቢሯችንን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚያቆየውን ዕቃ) እና ኤሌክትሪክ የሚጠግኑልን ትልቅ ሰው ናቸው። ሳቅ አላሉም። ‹‹ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርሽም›› አሉኝ። ‹‹አንዱ መጥቶ 50 ጣሳ ጤፍ አለኝ ቢልሽ፣ ጣሳው ስንት ኪሎ እንደሚይዝ ሳትጠይቂ ትገዢያለሽ?›› ጣሳው ቮልቱ ነው። ቁጥሩ ከቮልቱ ጋር ሲባዛ ነው እውነተኛው ልክ የሚመጣው። እሱ ዋት አወር ይባላል። የአንድ ዋት መብራት ለስንት ሰዓት እንደሚበራ ማለት ነው።

እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ። ይህን እንደሰማሁ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ፓወር ባንክ ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ 3.7 ቮልት ነው። ሳጥኑ ላይ ያለው የሚሊአምፔር አወር ቁጥርም የሚቆጠረው በዚያ ቮልት ነው። ስለዚህ ባለ 10,000 የሚባለው በ3.7 ተባዝቶ ለሺህ ሲካፈል 37 ዋት አወር ይይዛል። ባለ 20,000 ደግሞ 74። ዩኤስቢው የሚያወጣው 5 ቮልት ስለሆነ፣ ከ3.7 ወደ 5 ሲያሳድገው ጥቂቱ በሙቀት መልክ ይባክናል። ጋሼ ‹‹ከመቶ ሰማንያውን ብቻ ቁጠሪ›› ብለውኛል። እኔም እንደዚያ ነው የምቆጥረው።

የእኔው ባለ 50 ሺህ በዚህ ስሌት 185 ዋት አወር መያዝ ነበረበት። ብክነቱን ቀንሼ፣ ባለ 5 ዋቷን አምፖል ወደ 30 ሰዓት ሊያበራ ይገባል። ማክሰኞ ማታ ሙሉ ቻርጅ አድርጌ አምፖሏን ብቻ ሰካሁ። ከግድግዳ ሰዓት ሥር አስቀመጥኩትና ደብተሬን ይዤ ጠበቅኩ። 5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በርቶ ጠፋ። ያወጣው 28 ዋት አወር ገደማ ነው። ያ ማለት ዕቃው ቢበዛ ባለ 10 ሺህ ነው። 50 ተብሎ 10 ተሸጠልኝ።

በማግሥቱ ወደ ሰፈራችን ሱቅ ወሰድኩትና ባለሱቁን በስኳር ሚዛኑ እንዲመዝንልኝ ለመንኩት። 240 ግራም። ይህን ለምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። ብዙ ፓወር ባንኮችና የእጅ ባትሪዎች ውስጥ ያለው ክብ ባትሪ 18650 ይባላል። ውፍረቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊሜትር ስለሆነ ነው። አንዱ ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። ጥሩ የሚባለው የሚይዘው ወደ 3,500 ሚሊአምፔር አወር ነው። 50,000 ለመሙላት ከዚህ ጥሩው እንኳ 15 ያስፈልጋል። 15ቱ ብቻቸውን፣ ያለ ሳጥናቸው፣ ከ650 ግራም በላይ ናቸው። 240 ግራም ውስጥ 50 ሺህ የሚገባበት መንገድ የለም። ሐሰቱን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ የስኳር ሚዛን በቂ ነው። ለብቻው በሚሸጠው 18650 ባትሪ ላይም 9,900 ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ። ያም ሊሆን የማይችል ቁጥር ነው።

ሱቁ ስመለስ ልጁ ‹‹የተሸጠ ዕቃ አይመለስም›› የሚለውን ወረቀት አሳየኝ። ‹‹ከዱባይ ሰው በእጁ ይዞት የመጣ ኦሪጅናል ነው›› ሲልም ጨመረ። ይህንንም አጣርቻለሁ። በመንገደኛ አውሮፕላን ፓወር ባንክ የሚያዘው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። እስከ 100 ዋት አወር ያለ ፈቃድ ይታለፋል። ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። ከዚያ በላይ ለመንገደኛ ክልክል ነው። እውነት 50 ሺህ ቢሆን 185 ዋት አወር ነውና ሰው በእጁ ይዞት ሊመጣ አይችልም። በእጁ ይዞት ከመጣም 50 ሺህ አይደለም። በነገራችን ላይ፣ ከውጭ ዘመድ የሚያስመጣ ሰው 27,000 አካባቢ ያለው ወደ 100 ዋት አወር ስለሚጠጋ ከዚያ በላይ አይዘዝ።

የሱቁን ስም እዚህ አልጽፍም። ችግሩ የአንድ ሱቅ አይደለም። ልጁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ነው ያነበበልኝ። ነገር ግን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። እኔ የምለው ይህ ነው፤ የዋት አወሩ ቁጥር ሳጥኑ ላይ ይጻፍ፣ ሻጩም ይወቀው። ጥሩዎቹ ዕቃዎች ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ከጀርባ አለ። ደብሊው ኤች (Wh) የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ከቁጥር ቀጥሎ ፈልጉ። ባለ 20,000 ብሎ ከጀርባው 74 ካለ ቁጥሮቹ ይገጥማሉ። ከጀርባው ምንም ካልተጻፈ እኔ አልገዛም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ለአንድ ሌሊት ስንት ያስፈልጋል? ይህን ለቡድናችን አስልቻለሁ።

ባለ 5 ዋት ትልቅ መብራት ለእራትና ለጨዋታ፣ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ተኩል፣ 5 ሰዓት ይበራል። 25 ዋት አወር ነው። ወደ ሽንት ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የምትበራ ባለ 1 ዋት ትንሽ መብራት በ10 ሰዓት ውስጥ 10 ዋት አወር ትበላለች። ድምር 35። ለአሥራ አንድ ሰው የአንድ ሌሊት መብራት 35 ዋት አወር ብቻ ነው! ሐቀኛ የሆነ አንድ ባለ 20 ሺህ ፓወር ባንክ ያንን አብርቶ ይተርፈዋል።

ስልኩስ? የዛሬ ስልክ አንዱ ሙሉ ቻርጅ ለመሆን ወደ 20 ዋት አወር ይወስዳል። አሥራ አንድ ስልክ 220 ነው። ይህን ሳየው በጣም ነው የደነገጥኩት። ጨለማ ውስጥ የጣለን መብራቱ አይደለም። ስልኮቹ ናቸው። ያ ሐሰተኛ ፓወር ባንክ እንኳ አምፖሏን ብቻ ቢሸከም ኖሮ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ይዘልቅልን ነበር። ሁለት ስልክ ሰክተንበት በሁለት ሰዓት ተኩል ጨረሱት።

ስለዚህ የኛ ቡድን ሕግ አወጣ። አሁን ሁለት ባለ 20 ሺህ አሉን፤ ሁለቱም ከጀርባቸው 74 ይላል፣ ሁለቱም በስኳር ሚዛኑ 400 ግራም አካባቢ መጥተዋል። አንደኛው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ በእስክሪብቶ ‹‹መብራት›› ብዬ ጽፌበታለሁ። እሱ ላይ ማንም ስልክ አይሰካም፤ አለቃችንም ቢሆን። ስልኩን የሚወድ የራሱን ይዞ ይመጣል።

ከዚህ ሌላ ግንባር ላይ የሚታሰሩ አራት ባትሪዎች ገዝተናል። የሪሞት ድንጋይ ነው የሚጎርሱት፣ ሦስት ሦስት። እኔ በግሌ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ለሚያበስል፣ ድንኳን ለሚተክል፣ ልጅ ይዞ ለሚወጣ ሰው ሁለት እጅ ነፃ ማድረግ ትልቅ ነገር ነው። ድንጋዩ ቢያልቅ ደግሞ የትም ሱቅ ይገኛል፤ አምቦም ወሊሶም አለ። ፓወር ባንክ ሲያልቅ ግን ሶኬት ካላገኘህ ምንም ማድረግ አይቻልም። ቀይ መብራት ያለውን ብትመርጡ ሌሊት ሰው ሳትቀሰቅሱ መንቀሳቀስ ትችላላችሁ፣ ዓይንም ከጨለማው ጋር ያለውን ልምድ አያጣም። ላንጋኖ ለሚሄድ ደግሞ ቢጫ ያዝ የሚያደርገው አምፖል ይሻላል፤ ነጩ ትንኝና የእሳት ራት ሁሉ ይጠራል።

አንድ ያስቸገረን ነገር አለ። ትንሿን ባለ 1 ዋት መብራት ፓወር ባንኩ ላይ ስሰካት ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ትጠፋለች። ተበላሽታለች ብዬ ልጥላት ነበር። ጋሼ ናቸው ያስረዱኝ። አንዳንድ ፓወር ባንክ የሚወጣው ኃይል በጣም ትንሽ ሲሆን ‹‹ምንም አልተሰካብኝም›› ብሎ ራሱን ያጠፋል። ለስልክ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ነው። መፍትሔው መብራታችሁን ሱቅ ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ሰክታችሁ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ሻጩ ቢያኮርፍ ያኩርፍ።

የዩፒኤስ ባትሪ ይዞ መሄድስ? ብዙዎች ይህን ያደርጋሉ፣ ከ12 ቮልት የመብራት ሪባን ጋር። ባለ 7 አምፔር አወሩ በወረቀት 84 ዋት አወር ነው። እንደዚህ ያለ የእርሳስ (ሊድ) ባትሪ ግን ከግማሽ በላይ ካወጡት ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ 42 ብላችሁ ቁጠሩት። ክብደቱ ከ2 ኪሎ ይበልጣል። 400 ግራሟ ፓወር ባንክ ከእሱ የበለጠ ትሰጣለች። ከቢሮ የተጣለ አሮጌ ከሆነ ደግሞ ግማሹም አይኖረውም። በመኪና ለሚሄድና ባትሪው አዲስ ለሆነ ሰው ያስኬዳል፤ ጫፎቹን ግን በፕላስተር ሸፍኑ፣ ማንኪያ ወይም ቢላ ከነካቸው እሳት ይፈጥራሉ። ከመኪናው ባትሪ ማብራትን ግን በፍጹም አልመክርም። ላንጋኖ ላይ ሹፌራችን የውስጥ መብራቱን ለእኛ ሲል አብርቶ አደረና ጠዋት መኪናው እንቢ አለ። አሸዋ ላይ ገፍተን ነው ያስነሳነው።

ሶላር ለሜዳ ጥሩ ነው። መናገሻ ላይ ግን ጽዱና ዝግባው ሰማዩን ሸፍኖት ፓኔላችን ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ዋለ። ክረምት ላይማ ባትሞክሩት ይሻላል።

ወንጪን ለመሰለ ደጋ የሚሄድ ሰው ብርዱንም ያስብ። ባትሪ ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው ይቀንሳል። ማታ ካልሲ ውስጥ ከትታችሁ መኝታችሁ ውስጥ ይዛችሁት እደሩ። ውርጭ ላይ የቀዘቀዘ ባትሪ ቻርጅ ማድረግ ደግሞ ይጎዳዋል፤ እስኪሞቅ ጠብቁት። ያበጠ ፓወር ባንክ ካላችሁ ለጉዞም ለቤትም አይሆንም፣ ከልጆች አርቁት።

ስለ ሻማው ደግሜ እለምናለሁ። ድንኳን ውስጥ ሻማም፣ ማሾም፣ ኩራዝም አይገባም። የከሰል ማንደጃም አይገባም። የከሰል ጭስ በተዘጋ ቦታ እንደሚገድል ከተማችን በየብርዱ ወቅት የምታየው ሐዘን ነው፤ ድንኳን ደግሞ ከቤት ይጠባል። ሰው ይህን የሚያደርገው ክፉ ሆኖ አይደለም። ሲጨልምበትና ሲበርደው ነው። ለዚህ ነው የመብራቱን ጉዳይ በአንድ መስመር እንዳታልፉት የምለምናችሁ።

ከጉዞ ስንመለስ ፓወር ባንኮቹ እኔ ጋ ይቀመጣሉ። ሙሉ አድርጌ አላስቀምጣቸውም፣ ባዶም አልተዋቸውም። ሊቲየም ግማሽ አካባቢ ሆኖ ሲቀመጥ ነው ረጅም የሚኖረው። ደመወዝ በወጣ ቁጥር አውጥቼ አያቸዋለሁ። ሰባ ደረጃ መብራት ሲሄድ ደግሞ ልጄ የቤት ሥራዋን የምትሠራው በዚያችው ባለ 5 ዋት አምፖል ነው።

ጥር ላይ እንደገና መናገሻ እንሄዳለን። ከመሄዳችን በፊት ባለው ሐሙስ ሁለቱንም ሙሉ ቻርጅ አድርጌ ሰዓቱ ሥር አስቀምጣቸዋለሁ። አምፖሏን ከ11 ሰዓት በታች ያበራው ይቀራል። ልጄ ‹‹እኔ ነኝ ሰዓቱን የምጽፈው›› ብላ ከአሁኑ ደብተር አዘጋጅታለች።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከሰባ ደረጃ፣ አዲስ አበባ